አሥራ አንድ ፋይል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር

የመጀመሪያ ዓመት ፋይሎቼን እስካሁን አልጣልኳቸውም። አሥራ አንድ ናቸው። የሁሉም የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ግብ» ከሚለው ሥር የተጻፈው አንድ ነው፦ «በሙዚቃ አማካይነት የተግባቦትና የማኅበራዊ ግንኙነት ክህሎትን ማዳበር።» ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ ትልቁ 67። ኦቲዝም ያለበት አለ፣ ስትሮክ የመታው አለ፣ ሐዘን ያጎበጠው አለ። ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለበስኳቸው። ያኔ ሳነበው ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። የባለሙያ ጽሑፍ ይመስላላ!

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ክራር ወይም ኪቦርድ ይዛችሁ ወደ ሙዚቃ ቴራፒ፣ ሰውን በሙዚቃ ወደ መርዳት ሥራ፣ ለገባችሁ ነው። ልጃችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ለምትመጡም ጭምር። ግብ መጻፍን ለመማር እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን እናንተ በሁለት ወር ብትጨርሱት ደስ ይለኛል። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ነካክቻለሁ፤ ስህተቶቼን ግን አልነካኋቸውም።

ሥራውን የጀመርኩት በ2013 ዓ.ም. ነው፣ ለገጣፎ፣ ተከራይተን በያዝነው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል። የተማርኩት ሙዚቃ ነው። ቴራፒውን በኦንላይን ኮርስና ከውጭ በስልክ በምትከታተለኝ ባለሙያ እየታገዝኩ ነው የለመድኩት። ሙያው ራሱ ገና ወጣት ነው። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞች በተኙባቸው ሆስፒታሎች ሙዚቀኞች ይጫወቱ ነበር፤ ለውጥ ሲታይ ሥልጠና ያስፈልጋል ተባለ፣ ብሔራዊ ማኅበራቸውም በ1950 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። እኛ ግን ነገሩን ከዳዊትና ከሳኦል ጀምሮ እናውቀዋለን። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16ን ስንቴ አንብቤዋለሁ! ዳዊት በገና የደረደረው ክፉ መንፈስ ሲመጣበት ሳኦል እንዲያርፍ ነው። ሳኦልን በገና ላስተምረው አላለም። እኔ ግን ያልኩት እሱን ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ኦቲዝም አለበት፣ ቃል አይናገርም። እናቱ የምታመጣው ከእኛ ብዙም ከማይርቅ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከአራተኛ ፎቅ። ልጁ ክፍሏ ውስጥ እንደገባ ከበሮውን አየና ሄዶ በመዳፉ መታው። አንዴ። ከዚያ ጆሮውን አስጠጋ። በቃ፣ ልቤ ቀለጠ። «ይሄ ልጅ ሙዚቀኛ ነው» አልኩ።

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። የሚሠራበትን ነገር ከልጁ ኑሮ መፈለግ ሲገባኝ ከራሴ ሙያ ወሰድኩት። «ምት ተከትሎ ከበሮ ይመታል» ብዬ ግቡ ላይ ጨመርኩ። ሦስት ወር ሠራን። ስመታ ይመታል፣ ስቆም ይቆማል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። የመጨረሻውን ቀን በስልኬ ቀርጬ ለእናቱ አሳየኋት።

አየችው። ፈገግ አለች። «እሰይ ቲቸር፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሳ ካለች በኋላ መለስ አለች። «ግን ቲቸር፣ ቤት ውስጥ አሁንም ውሃ ሲጠማው ራሱን ከግድግዳ ጋር ነው የሚያጋጨው። ጠምቶት ይሁን አሞት ይሁን እኔ በምን ልወቅ?»

ለወቀሳ አልነበረም። ብቻ የሚያስጨንቃትን ነገረችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ወር ሙሉ ልጁ ሲጠማው ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኋትም። ኧረ ምንም አልጠየቅኋትም። የጠየቅኋት «ምን ዓይነት ሙዚቃ ይወዳል?» ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ፋይሎቼን ሰብስቤ ለአንዲት ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) ወዳጄ ወሰድኩላት። በዕድሜም በሥራም ትበልጠኛለች፣ ነገር አታለሳልስም። ፋይሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። አንዱን አነሳችና ስሙ ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ሸፍና ግቡን አነበበችልኝ። «የማን ነው?» አላወቅሁም። ሁለተኛውን አነሳች። «ይሄስ?» ዝም። ሦስተኛው ላይ የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ።

«ስሙ ሲሸፈን የማን እንደሆነ ካላወቅሽ ይሄ ግብ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው» አለችኝ። አንዱ ፋይል ላይ ደግሞ ከሥር «አይጮህም» ብዬ የጨመርኩትን አየች። «ድንጋይም አይጮህም። ልጁ የሚያደርገውን ጻፊ እንጂ የማያደርገውን አትጻፊ።» እስከዛሬ አዲስ ግብ ስጽፍ ስሙን በአውራ ጣቴ እሸፍናለሁ። እናንተም ሞክሩት፣ ምንም አያስወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ክራሬን ሳልይዝ እነልጁ ቤት ሄድኩ። የለገዳዲ ግድብ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ሰፈሩ ግን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ጄሪካን ነበር። ልጁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ በጣቱ ይመታቸዋል። ባዶው «ዱምም» ይላል። ግማሽ የሆነው ድምፁ ይቀጥናል። የሞላው «ጠብ» ብሎ ዝም ነው። ልጁ የሞላውን ሲያገኝ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል። እናቱ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታዋለች፣ አታየውም። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ግንባሩን ግድግዳው ላይ አጋጨ።

ልጁ ለካ እየጠየቀ ነበር። በጄሪካን ነበር የሚጠይቀው።

ወዲያው ወደ ዘፈን አልሮጥኩም። ከእናቱ ጋር ሆነን ሁለት ቀን ቆጠርን። ውሃ የፈለገባቸው 10 አጋጣሚዎች ተገኙ፤ ከእነዚያ ውስጥ እናቱ በምትረዳው መንገድ የጠየቀው አንዴ ብቻ ነው። ይቺ ቁጥር መነሻ ትባላለች። መነሻ ሳትይዙ ግብ አትጻፉ። የተነሳችሁበትን ካላወቃችሁ ምን ያህል እንደሄዳችሁ በምን ትነግሩኛላችሁ?

ከዚያ አዲሱን ጻፍነው፦ «ውሃ ሲጠማው፣ ኩባያውን ለእናቱ በመስጠት ወይም ድምፅ በማውጣት ይጠይቃል፤ ከ5 አጋጣሚ 4ቱን፣ በተከታታይ 3 ቀን፣ ቤቱ ውስጥ፤ እስከ 12 ሳምንት።» ልብ በሉ፣ ሙዚቃ የሚል ቃል የለበትም። ሙዚቃው የሚመጣው እንዴት እንደምንሠራ በሚለው ሥር ነው። መጀመሪያ ይሄ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ሙዚቀኛ ነኛ!

ዘዴው ቀላል ነበር። ጄሪካን እየመታሁ «እማዬ ስጪኝ...» የምትል አጭር ዜማ በትዝታ ቅኝት ሠራሁ፤ መጨረሻዋ ላይ «ውሃ» ከማለቴ በፊት እቆማለሁ። ኩባያው መሀላችን ነው። አምስት ሰከንድ እጠብቃለሁ። አምስት ሰከንድ ቀላል ከመሰላችሁ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። ሙዚቀኛ ዝምታ ይፈራል። እኔ በሁለተኛው ሰከንድ ላይ ራሴ እየሞላሁት ሁለት ሳምንት አባከንኩ። እናቱ ናት «ቆይ ቲቸር፣ ሊመጣ ነው» ብላ እጄን የያዘችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ኩባያውን አነሳና ደረቷ ላይ ገፋላት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አጨብጭቦ ያቆማል። ግን ዘፈኑ ሲኖር ብቻ የሚጠይቅ ልጅ፣ እናቱ ዘፈኗን በረሳች ቀን ይጠማዋል። ስለዚህ ሙዚቃውን ቀስ እያልን ቀነስነው። መጀመሪያ ቃሉን ትቶ ማንጎራጎር፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን በጣት ሁለቴ መምታት፣ ቀጥሎ ምንም። አንዱን ደረጃ ዘልለን ስንሞክር ግንባሩ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ እኛም ተመለስን። እናቱ ወረቀት ላይ መመዝገብ ስላልተመቻት ሁለት ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፣ አንዱ ውስጥ ባቄላ። ልጁ በጠየቀ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ሁለተኛው ታዛውራለች፤ ሳይጠይቅ ግድግዳውን ከመታ ደግሞ አንድ ሽምብራ ትጨምራለች። ማታ ቆጥራ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። ከእኔ ቅጽ የእሷ ባቄላ ይበልጥ ነበር።

በ11ኛው ሳምንት ልጁ ግቡ ላይ ደረሰ። ግንባሩን መምታቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ሲታመምና ሲደክመው ይመለሳል። ቃሉንም አልተናገረም፤ «ዋ» ነው የሚለው። አባቱ ግን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሊያስገባው ስለፈለገ «ይናገራል አይናገርም?» ብሎ ያዘኝ። እውነቱን ነገርኩት፦ ይህን ቃል ልገባልህ አልችልም፣ አሁን የምንሠራው ሰው በሚረዳው መንገድ መጠየቅን ነው። ተቀየመኝ። ሁለት ሳምንትም ልጁን አላመጡትም፤ ጠበል ሄደው ነበር። ስሙኝማ፣ ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ላይ ፊታችሁን አታጥቁሩ። እኔ መጀመሪያ ፋይሉ ላይ «ያለ በቂ ምክንያት ቀሩ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ አሁን ሳየው አፍራለሁ። የሚሄዱበትን ሳምንት ቀድመው እንዲነግሩኝ ብቻ እጠይቃለሁ፣ የጊዜ ገደቡንም በዚያው ልክ እገፋዋለሁ። ክረምትም እንደዚሁ ነው። ጭቃው ታክሲ በሚያስቀርበት ሰፈር ሐምሌና ነሐሴን እንደ ሙሉ ወር የሚቆጥር ዕቅድ ለወረቀት ብቻ የተጻፈ ነው። ወላጆች ሆይ፣ «በሦስት ወር አናግረዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት ነበረች፤ እናቷ ካረፉ ዓመት አልሞላም። ለእሷ «ስሜቷን በሙዚቃ ትገልጻለች» ብዬ ነበር። ይልቅ አንቺ ጻፊው ብዬ እስክሪብቶውን ስሰጣት የጻፈችው ይሄን ነው፦ «የእማዬ ስልክ ደወል ሌላ ሰው ጋ ሲጮህ ሰምቼ ታክሲ ውስጥ እስከምወርድበት መቀመጥ።» እኔ በሺህ ዓመት አላስበውም ነበር።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ 67 ዓመታቸው። ስትሮኩ የመታቸው የአንጎላቸውን ግራ ክፍል ስለሆነ ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሟል፣ ንግግራቸውም ተይዟል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። ሊመልሱ ሲሉ ግን «እ... እ...» ብቻ። አፌዥያ ይባላል። ባለቤታቸው እማማ የነገሩኝ ግን ሌላ ነው፦ «ሬዲዮው መዝሙር ሲያሰማ ከነቃሉ አብረው ይሉታል።» ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ዜማ በቀኝ የአንጎል ክፍልም ስለሚሠራ፣ መናገር ያቃተው ሰው ሊያዜም ይችላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች ከዚሁ ተነስተው አጫጭር ሐረጎችን በዜማ እያሉ፣ በየክፍለ ቃሉ ግራ እጅን መታ መታ እያደረጉ የሚያስተምሩበትን ዘዴ አወጡ።

ልጁ ላይ የተማርኩትን ሁሉ ይዤ ነበር የሄድኩት። አዲስ ስህተት ግን አይጠፋም። ክራሬን አንስቼ በወጣትነታቸው የተሰማ የትዝታ ዘፈን ጀመርኩላቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ደግሜ ስጀምር እንባቸው ወረደ። ነካኋቸው ብዬ ደስ አለኝ! እማማ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው።» በጾም ዘፈን ይዤ የሰው ቤት መግባቴ ነው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ «ምን ይወዳሉ?» ከማለቴ በፊት «መቼና የት የማይሆን አለ?» እላለሁ። የያዝኩት በገና ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰሞን ማን ይከለክለኝ ነበር?

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ግቡን ስጠይቅ እማማን ጠየቅሁ፣ ልጆቻቸውን ጠየቅሁ። «ደህና አድርገው እንዲያወሩልን» አሉኝ። እሳቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ አይናገሩማ። ወዳጄ ስፒች ቴራፒስቷ ይህን ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ። በማግስቱ ስድስት ፎቶ አንስቼ ሄድኩ፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስልካቸው፣ አንድ የጭነት መኪና፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የጎረቤት ቤት፣ የግቢው በር። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና «አባባ፣ ከሁሉ በላይ የሚቆጭዎት የትኛው ነው?» አልኳቸው። መኪናውን ነው ብዬ በልቤ ወስኛለሁ። ግራ እጃቸው በፎቶዎቹ ላይ ቀስ እያለ አለፈ። መኪናውን አለፈው። የግቢው በር ላይ አረፈ፣ እዚያው ቀረ።

እማማ አዩና ተቀመጡ። እሳቸው ገበያ ሲሄዱ አባባ ብቻቸውን ናቸው። ቆርቆሮው በር ይንኳኳል። አባባ በረንዳው ላይ ሆነው ይሰማሉ፣ «ማነው?» ማለት አይችሉም። አንድ ቀን ወንድማቸው ከክፍለ ሀገር መጥቶ አንኳክቶ፣ ሰው የለም ብሎ ተመልሷል።

ስለዚህ የአባባ ግብ አንድ ቃል ሆነ። «ማነው?»

ደረጃውን ለማውጣት በ1968 እ.ኤ.አ. ኪረሱክና ሸርማን የተባሉ ሰዎች ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ያወጡትን አምስት እርከን ያለው መለኪያ ተጠቀምኩ። መሀሉ ዜሮ ነው፣ ይደርሱበታል ብላችሁ የምትጠብቁት። ከሥር ሁለት፣ ከላይ ሁለት። የአባባ እንዲህ ነበር፦ ከዜሮ በታች ሁለት፣ ሲንኳኳ ዝም፣ ያሉበት ማለት ነው። ከዜሮ በታች አንድ፣ እማማ «ማ...» ብለው ሲጀምሩላቸው ይጨርሱታል። ዜሮ፣ ብቻቸውን ከ5 ማንኳኳት 3ቱን። አንድ፣ 4ቱን። ሁለት፣ 5ቱንም። መጀመሪያ እስከ በሩ መሄዱንም እዚሁ ውስጥ አጭቄው ነበር፤ ሁለት ነገር በአንድ መለኪያ ስታስገቡ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ግራ ትጋባላችሁ። ለየሁት። ደግሞ በሽታው እየባሰ የሚሄድ ሰው ከሆነ፣ አሁን ያለበትን ከዜሮ በታች አንድ ላይ አስቀምጡት፤ ቢወርድ የሚመዘገብበት ቦታ ይኑር።

«ማ» ዝቅ፣ «ነው» ከፍ። በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን እየነኩ። እማማ ከውጭ ቆርቆሮውን ያንኳኳሉ፣ እኛ ከውስጥ እናዜማለን። ጎረቤት ምን እንዳለን እንጃ።

መራመዱ ላይ ጥፋት ነበረብኝ። ከበረንዳው እስከ በሩ 22 እርምጃ ነው። ሰው በምት ሲሄድ እርምጃው እንደሚስተካከል አንብቤ ነበር፤ ስለዚህ ደስ የሚለኝን ችክችካ በደቂቃ 70 ምት አድርጌ ለቀቅሁ። አባባ ሊደርሱበት ሲሞክሩ ተደነቃቀፉ፣ እማማ ባይይዟቸው ወድቀው ነበር። ፊዚዮቴራፒስታቸው ደውሎ የነገረኝን አልረሳውም። እኔ ብቻዬን እግር ላይ ምን አገባኝ? ከዚያ በኋላ አብረን ሠራን። መጀመሪያ በራሳቸው ፍጥነት ሲሄዱ ቆጠርን፣ በደቂቃ 52 እርምጃ። የስልክ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) 52 ላይ አድርገን፣ ግልጽ ባለ ሁለት ምት፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። እሱ ሲጸና ነው 5 በመቶ ያህል ጨምረን ወደ 55 የሄድነው። ችክችካው ለሠርግ ይቆየን።

ግቦቹን በየስድስት ሳምንቱ ከእማማና ከአባባ ጋር ቁጭ ብለን እናያቸው ነበር። አባባ በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያሳያሉ። አንዴ እኔ ዜሮ ደርሰናል ስል አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አዞሩት። ለካ እማማ ሲያንኳኩ ብቻ ነው የሚመልሱት፤ የእንግዳ አንኳኳ ሌላ ነው። እውነታቸውን ነበር። ቁጥሩን ሰርዤ ጎረቤት፣ የልጅ ልጅ፣ ወተት የሚያመጣው ልጅ እንዲያንኳኩ አደረግን።

ባለፈው ሰኔ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሳልቀጠር በዚያ አለፍኩና ልጠይቃቸው አሰብኩ። ቆርቆሮውን አንኳኳሁ። ከውስጥ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ወፈር ያለ፣ ጎተት ያለ ድምፅ መጣ።

«ማ...ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ማን?»

ይሄኛውን ማንም አላስተማራቸውም። ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ እየፈለግሁ፣ ስሜን መንገር ረስቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዝናቡ ጀመረ።